ዕጣ ጣይዋ

ከዋናው ቤቴ ጀርባ፣ ከማድ ቤቱ ጎን፣ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። ድሮ ልጆቼ ያጠኑባት ነበር። እነሱ አድገው ሲበታተኑ፣ እኔም ከማስተማር ሥራ በጡረታ ስሰናበት አከራየኋት። በ2010 ዓ.ም. አራት ልጃገረዶች ገቡባት፤ ሁለቱ ከወላይታ፣ አንዷ ከአለታ ወንዶ፣ አንዷ ከዲላ አካባቢ የመጡ። አራቱም ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ኪራዩ 800 ብር ስለነበር ለእያንዳንዳቸው 200 ብር ይደርሳቸዋል። ሁለት ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፋሉ፤ አንድ ቡታጋዝ፣ አንድ የውኃ ጀሪካን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የአራት ሰው ልብስ።

ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ለ60 ሺህ ሰው ሥራ ይከፍታል ተብሎ ስለነበር ከተማችን በተስፋ ተቀበለችው። ደመወዙ ግን ተስፋውን የሚመጥን አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር አድርጎ አስቀምጦታል፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ጥናቱ ከዓለም ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ዝቅተኛው ክፍያ ይኸው ነው ብሎ ነበር። እንግዲህ ልጆቹ ከደመወዛቸው ከሩብ የሚበልጠውን ለእኔ ይከፍሉኝ ነበር ማለት ነው። ያኔ ይህን ስሌት አላሰላሁትም። ኪራይ ተቀባይ እንዲህ ያለ ስሌት አያሰላም።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደረሰ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል እንደምታስወጣ አሳውቃ ነበር፤ ከፓርኩ ትልልቅ ባለ ድርሻዎች አንዱ የነበረው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በዚያው ወር ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዕገዳው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከእኔ አራት ተከራዮች ሁለቱ በዚያ ሰሞን ሥራ ፈቱ። የሠሩበትን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ ለነገሬ አይጠቅምም።

በዚያው ሰሞን የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ነበር። በዚህ አካሄድ ዕቃ ሁሉ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ዋጋው እጥፍ ይሆናል። የእኔ ጡረታ ግን ባለበት ቆሟል። ባለቤቴ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር ዘንቢሉ እየቀለለ፣ ፊቷ እየከበደ መጣ። አንድ ቀን ማታ ተነስቼ የሰርቪሷን በር አንኳኳሁና፣ 1,200 ብር የደረሰው ኪራይ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 1,700 ብር እንደሚሆን ነገርኳቸው።

ታላቋ ልጅ፣ ሥራ ከፈቱት አንዷ፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ጤፉን እኮ እኛ አላስወደድነውም» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም።

«እኔስ አስወደድኩት ልጄ?» አልኳት።

ሁለታችንም ዝም አልን። ከወር በኋላ የዲላዋ ልጅ ጓዟን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራ ወደ አገሯ ገባች። የቀሩት ሦስቱ 1,700ውን ብር ከፈሉ።

ውድ አንባቢ፣ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እሷም እውነት ተናግራለች፤ እኔም አልዋሸሁም። ጤፉን ያስወደድነው ሁለታችንም አይደለንም። ነገር ግን ከሁለታችን አንዳችን ለሌላው አሸክመናል። እህል ነጋዴው በጫኚው መኪና ያመካኛል፤ ባለ መኪናው በነዳጁና በጎማው፤ ጎማ አስመጪው በዶላሩ። እኔ በነጋዴው አመካኝቼ ሸክሙን ወደ ሰርቪሷ አሻገርኩት። ልጆቹስ ወደ ማን ያሻግሩት? ከኋላቸው ማንም የለም። እንግዲህ ዋጋ በናረ ጊዜ የሚጎዳው ዋጋው የጨመረበት ሰው ሁሉ ሳይሆን የጨመረበትን ወደ ሌላ ማሻገር ያቃተው ነው። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያቅተው ይኸው ነው፤ የሚሸጠው ጉልበቱን ብቻ ነውና፣ እሱንም የሚገዛው አጥቷል።

ዋጋ ንሮ ሥራም ሲጠፋ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲመጡ፣ ባለሙያዎቹ ስታግፍሌሽን ይሉታል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1965 የእንግሊዝ የምክር ቤት አባል የነበረው ኢየን ማክሊዮድ ነው የተናገረው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ እንዳሉ ሁለት ሳህኖች ይቆጥሯቸው ነበር፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ለዚህ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1958 ፊሊፕስ የተባለው የኒው ዚላንድ ተወላጅ ያሳተመው ጽሑፍ ነው፤ የእንግሊዝን የአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ መረጃ ሰብስቦ፣ ሥራ አጥነት ሲቀንስ ደመወዝ በፍጥነት እንደሚያድግ አሳየ። (ይኸው ሰው የአገርን ገንዘብ ዝውውር በቧንቧና በጋን ውስጥ በሚፈስ ውኃ የሚያሳይ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1949 ሠርቶ ነበር። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ትዝ ያለኝ የገዛ ሐይቃችን ነው፤ ጥቁር ውኃ ይገባበታል፣ በላዩ ግን የሚወጣ ወንዝ የለውም። የእኛም ኢኮኖሚ ገንዘቡ የሚገባበት ይታያል፤ የሚወጣበት ግን አይታይም።)

ሚዛኑ የተሰበረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነዳጅ አምራች አገሮች ዋጋ ከፍ ሲያደርጉ ነው። የእኛ ትውልድ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። እኔ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ አብረው ወጡ። መንግሥት ዋጋውን መልሶ ዝቅ ቢያደርግም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር፤ መስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በሰሜን ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የኖረች አገር የተነሳችው በነዳጅ ብቻ ነው አልልም። ግን ሸክሙን ማን ይሸከም የሚለውን ጥያቄ ያን ጊዜም መላሽ አላገኘንለትም ነበር።

አሜሪካኖቹ መላ ያሉትን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1979 ፖል ቮልከር የተባለ ሰው የማዕከላዊ ባንካቸው ሊቀ መንበር ሆኖ ተሾመና ገንዘቡን አነቀው፤ የወለድ ምጣኔው ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። ሦስት ዓመት ተኩል ባልሞላ ጊዜ የዋጋ ንረቱ ከ13 በመቶ በላይ ከነበረበት ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። ሥራ አጥነቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ላይ 10.8 በመቶ ደረሰ። ቤት ሠሪዎች ተቃውሟቸውን ለመግለጽ ቁራጭ እንጨት በፖስታ ይልኩለት ነበር። ዛሬ የኢኮኖሚ መጻሕፍት ቮልከርን እንደ ጀግና ነው የሚያወሱት፤ ውጤቱን ስናይ ላይሳሳቱ ይችላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ እንጨት ነው። እንጨቱን የላከው ሰው የሌላው እንጀራ እንዲረክስ የእሱ ሥራ መዘጋት እንዳለበት ተነግሮት፣ እሺ ብሎ ነበርን? ቢያንስ እሱ ሥራ ሲፈታ የሚከፈለው የሥራ አጥ መድን ነበረው። የእኔ ተከራይ ይህ የላትም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የእኛ መንግሥታት ለዚህ በሽታ ምን መድኃኒት ሰጡ?

አንደኛው ዋጋን በትእዛዝ ማቆም ነው። የእኔ እኩያ ሁሉ የደርግን ዘመን የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ያስታውሳል። በ2003 ዓ.ም. ገና ሰሞን ደግሞ መንግሥት ስኳርን፣ ዘይትን፣ ዳቦን፣ ሩዝንና ፓስታን ጨምሮ ከአሥራ አምስት በላይ በሆኑ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ዕቃው ከመደርደሪያ ላይ ጠፋ። እኔ ራሴ ሐዋሳን ከመናኸሪያ እስከ አረብ ሰፈር ዞሬ አንድ ሊትር ዘይት ይዤ ስገባ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ነበር የታየሁት። ግማሽ ዓመት ሳይሞላ አብዛኛው ጣሪያ ተነሳ። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ከገበያው ኃይል ጋር ትግል የገጠመ ትእዛዝ መጨረሻው ይኸው ነው። ከዚያ ትግል ያተረፈው በጓሮ በር ዘይት የሚያገኝ ሰው ነበር።

ሁለተኛው ገንዘቡን ማነቅ ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። መንግሥትም ከራሱ ከብሔራዊ ባንኩ በቀጥታ የሚበደረው ካለፈው ዓመት ከሲሶው እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ሳነብ ደስ አለኝ፤ ዋጋን ካናሩት ምክንያቶች አንዱ ያ ብድር ስለሆነ፣ መቀጫው ከአጥፊው ጀመረ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ግን እኔ ግቢ ድረስ መጣ።

ታላቋ ልጅ ፋብሪካው ከዘጋ በኋላ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በሰው መኪና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በፍሬ እየሰፋች ትውል ነበር። አብረዋት ከተባረሩ ሁለት ልጆች ጋር ተማክረው ሦስት የልብስ ስፌት መኪና ገዝተው ሊሠሩ አሰቡ። እጃቸው ሙያ አለው፤ የመኪናውን ድምፅ ሰምተው የትኛው ጥርሱ እንደታመመ ይለያሉ። አጎቷ የቤቱን ካርታ ሊያስይዝላት ፈቀደ። ይህ የሆነው በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ነው። የሄደችበት ባንክ የብድር ጣሪያው ሞልቷል፣ ከሚቀጥለው በጀት ዓመት በኋላ ተመለሺ አላት። ጣሪያ የሚለው ቃል ገርሟት ስትነግረኝ፣ «ጋሼ፣ ከኪራይ ቤት ጣሪያ ሌላ ጣሪያ መኖሩን አላውቅም ነበር» አለች። ሳቅን።

አያችሁ፣ አንዲት ልጅ ናት። በኅዳር 2014 ሥራ አጣች፤ በዚያው ሰሞን እንጀራው ተወደደባት፤ እንጀራው እንዲረክስ የታዘዘው መድኃኒት ደግሞ ለራሷ ሥራ እንዳትፈጥር ከለከላት። መድኃኒቱ ለብዙዎች ሠርቷል፤ አልክድም። የዋጋ ንረቱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ከ14 በመቶ በታች ወርዷል። ጡረተኛው እኔ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነኝ።

ይህን ባንክ ቤት ለሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ አጫወትኩት፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣን። እሱ ጠንቃቃ ልጅ ነው፤ በክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር። «ቲቸር» አለኝ፣ «ንረት የሁሉንም ኪስ የሚያወልቅ ሌባ ነው። ሥራ ማጣት የጥቂቶች ነው። መቶ ሰው ከሚዘረፍ አምስት ሰው ቢቸገር አይሻልም? ደግሞ ንረቱ ካልቆመ አምስቱም ሥራ አያገኙም።» የእንግሊዙ ፈላስፋ ቤንታም ቢኖር የሚለው ይህንኑ ነበር፤ ለብዙኃኑ የሚበልጠውን ደስታ።

የመጨረሻዋን ነገር እቀበላታለሁ። የመጀመሪያዋን ግን አልቀበላትም። ሌባው ሁሉንም እኩል አይሰርቅም። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ ዋጋ በ30 በመቶ ሲንር 100 ብር ያስቀመጠች ልጅ በዓመቱ 107 ብር ይዛ፣ 130 ብር የገባውን ዕቃ ትመለከታለች። ከዚያው ባንክ በ16 በመቶ የተበደረ ባለ ሕንፃ ግን የሚመልሰው ብር ከተበደረው የቀለለ ነው። ልዩነቱን የከፈለችለት እሷ ናት፤ እሷም አታውቅም፣ እሱም አያመሰግናትም። እኔም ብሆን ቤት አለኝ፤ ብር ሲረክስ ቤቴ ይወደዳል። ስለዚህ ሌባው ከመቶው ሰው ሰባ ያህሉን ዘርፎ ለቀሩት የሚያከፋፍል ሌባ ነው። እሱን ለማስቆም የሚወጣውን ወጪ ደግሞ የተዘረፉት ይክፈሉ ማለት አይከብድም?

ሦስተኛው መድኃኒት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከ140 ብር በላይ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዶላር አልነበረም፣ ጥቁር ገበያው መንግሥት ሆኖ ነበር፣ ላኪዎች መበረታታት ነበረባቸው። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድርም ተገኘበት። ወደ ውጭ ልብስ ለሚልክ ፋብሪካ ይህ የምሥራች ነው፤ ሥራ ይከፍታል ይባላል። ሥራውን የሚከፍተው ግን በምን መንገድ ነው? በወር 2,000 ብር የምታገኝ ሰፊ በ57 ብር ምንዛሪ 35 ዶላር ታወጣ ነበር፤ በ140 ብር ግን 14 ዶላር። ፋብሪካው ብዙ ሰው የሚቀጥረው የእያንዳንዱ ሰው ዋጋ ስለረከሰ ነው። በየዓመቱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ወጣት ሥራ ፍለጋ በሚወጣበት አገር ይህንንም ማጣጣል አልችልም፤ 14 ዶላር ከዜሮ ይሻላል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጎ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሲሞላው ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተበጀ ወለል አልነበረም። ለብድሩ ጣሪያ በአንድ መመሪያ ተበጀለት፤ ለደመወዙ ወለል ግን ስድስት ዓመት አልበቃም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ማንም ያልወሰነው ነው። የደመወዝ ግብር አዋጁ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ፓርኩ በተመረቀበት በዚያው ወር፣ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። ቁጥሩ ለዘጠኝ ዓመት እዚያው ቆመ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት 600 ብር ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ ያውቀዋል። 750 ብር ስታገኝ 15 ብር ግብር ትከፍል የነበረች ልጅ፣ ደመወዟ 2,000 ብር ሲሆን 157 ብር ከ50 ሳንቲም ትከፍላለች፤ የደመወዟ የመግዛት አቅም አላደገም፣ የምትከፍለው ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ሆነ። ግብሩን ለመጨመር ምክር ቤት አልተሰበሰበም፣ እጅ አልወጣም፣ ጋዜጣ አልጻፈውም። ንረቱ ራሱ ሕግ አወጣ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወለሉ 2,000 ብር ሆነ። ጥሩ ነው። ያለፈው ግን ማን ላይ እንደወደቀ እናውቃለን።

በበዓል ሰሞን ቅርጫ ስንገባ በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በየመደቡ ይደለደላል። ደልዳዩ አዋቂ ሰው ነው፤ ከሻኛውም ከጎድኑም ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ ያደርሳል። ሲጨርስ ተካፋዩ ሁሉ ዕጣውን ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ሳንቲም። ዕጣውን የሚጥለው ድልድሉን ያላየ ሰው ነው። የዚህ ሥርዓት ብልሃቱ ደልዳዩ የትኛው መደብ የእሱ እንደሚሆን አለማወቁ ላይ ነው። ሳያውቅ የሚደለድል ሰው አያዳላም፤ ቢያዳላ ለራሱ ላይደርሰው ይችላል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ ፍትሐዊ ሕግ የሚወጣው ሕግ አውጪው በኅብረተሰቡ ውስጥ የራሱ ቦታ የት እንደሆነ ከማያይበት መጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሲደነግግ ነው ብሏል። እኛ ሥጋ ለመካፈል ስንል ከእሱ አስቀድመን ደርሰንበት ነበር፤ ከሥጋው አልፈን ወደ በጀቱ ግን አልወሰድነውም።

የኢኮኖሚ ፖሊሲ የሚደለድለው ሰው መደቡን ያውቀዋል። ብድር ሲታነቅ የድሮ ደንበኛ የሆነው ባለ ሀብት የማይታነቅበት መንገድ እንዳለ ያውቃል። ምንዛሪ ሲለቀቅ ማን ዶላር እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ያውቃል። ክፋት ነው አላልኩም። ከዶክተሮቹ ብዙዎቹ ለአገር የሚያስቡ ሰዎች ናቸው፤ መድኃኒቱም መራራ ሆኖ የግድ ሊሆን ይችላል። ግን ያ ሰው አንድ ጊዜ፣ ውሳኔውን ከመፈረሙ በፊት፣ ነገ ጠዋት በአራት ሰው ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ልነቃ እችላለሁ ብሎ ቢያስብ ኖሮ ቢያንስ የመፈረሙ ቅደም ተከተል ይለወጥ ነበር እላለሁ። የግብሩ ወለል ከምንዛሪው በፊት በመጣ ነበር። የትናንሽ ተበዳሪዎች ብድር ከጣሪያው ውጭ በሆነ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ግድም በአሥራ አንድ ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት፣ ሐዋሳም አንዷ ነበረች፣ ቤተሰብን ብቻ ሳይሆን ፍራሽ የምትጋራ ላጤንም በፈለገ ነበር።

ተማሪዬ ይህን ሰምቶ፣ «ቲቸር፣ እርስዎስ ኪራዩን ሲጨምሩ የት መደብ ላይ ነበሩ?» አለኝ። ቡናውን ጨረስኩ።

እውነቱን ልናገር። እኔም ደልዳይ ነበርኩ፤ መደቤንም አውቀው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው አዋጅ ሲወጣ፣ አከራይ እንዳሻው እንዳይጨምር የሚያግደው፣ እኔ ስለ ፍትሕ የምጨነቀው ሰውዬ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ተናድጃለሁ። «በገዛ ቤቴ!» ብያለሁ። ባለቤቴ ምስክር ናት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ኪራይ አልጨመርኩም፤ ደግነት ነው ብዬ ግን አልፎክርም። ውጭ አገር ያለችው ልጄ በየወሩ መቶ ዶላር ትልክልኛለች። በፊት በባንክ 5,700 ብር ይመነዘር ነበር፤ አሁን ከ14,000 ብር በላይ ነው። የልጅቱን ደመወዝ በዶላር ያረከሰው ውሳኔ፣ የእኔን መቶ ዶላር በብር አወፈረው። አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ አዋጅ። እኔ ደግ ለመሆን የቻልኩት እሷ ባጣችው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ለፋሲካ ሰፈራችን እንደ ወትሮው ቅርጫ ገባ። የበሬው ዋጋ ስለ ከበደ ተካፋዩ በዛ፤ አምና አሥር የነበርነው ዘንድሮ አሥራ አራት ሆንን፣ መደቡም አነሰ። ተከራዮች አይጠሩም፤ በሰባት ዓመት ውስጥ እነዚያ ልጆች አንድ ቀንም ቅርጫ ግቡ ተብለው አያውቁም፣ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ድልድሉ አለቀና ዕጣ የሚጥል ሰው ተፈለገ። መደቡን ያላየ፣ ድርሻም የሌለው መሆን አለበት። አንዱ ጎረቤቴ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ያቺ ያንተ ተከራይ አለች አይደል? ጥሯት» አለ።

ታላቋ ልጅ ከክፍሏ ወጣች፤ ስትሰፋ ስለነበር ጣቷ ላይ ክር ተጠምጥሟል። አሥራ አራቱን ዕጣ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ የእኔንም የሰርቪሷን ቁልፍ ጨምራ፣ በሙዝ ቅጠሉ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠች። ማንንም ቀና ብላ አላየችም። ሁሉም መደቡን አነሳ፤ የተጣላም ያጉረመረመም የለም። እሷ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው ድምፅ ተሰማ።